ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣ ሐይቅ ላይ ለምን አይበረክትም?

ባለፈው መስከረም ሎጎ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ከአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጋር ሳወራ ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያሰብኩት። ሰውየው መረባቸውን ይጠግናሉ። «አባባ፣ ከማባዣ ጣቢያ የዓሣ ጫጩት እየመጣ ቢጨመርበት ሐይቁ ድሮ እንደነበረው አይሞላም?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ቤታችሁ የፈረንጅ ዶሮ ገብቶ ያውቃል?»

«አዎ፣ ገብቷል።»

«ስንቱ ተረፈ?»

አንድም አልተረፈም። እናቴ በአንድ ወቅት ስድስት የፈረንጅ ጫጩት ገዝታ ነበር። አስተዳደጋቸው ጉድ ያሰኝ ነበር፤ የሐበሻዎቹ ገና ላባ ሲያወጡ እነሱ ለመታረድ ተቃርበዋል። ግቢ ሲለቀቁ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጭልፊት ሲያንዣብብ የሐበሻዋ እናት ዶሮ ድምፅ ታሰማለች፣ ጫጩቶቿም በአንዴ ቁጥቋጦ ሥር ይገባሉ። የፈረንጆቹ እህሉ ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው። ሁለቱን ጭልፊት ወሰዳቸው፣ አንዷን ሸለምጥማጥ፣ የቀሩትን ፈንግል ጨረሳቸው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው «በቃ፣ ዓሣም እንደዚያው ነው ወላሂ» ብለው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። የተመራማሪዎቹ ሥራ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ካሉት ብዙም አይርቅም፤ ግን ምክንያቱን ያሳያል፣ መቼ እውነት እንደሆነና መቼ እንዳልሆነም ይለያል። ያ ልዩነት ደግሞ አሁን ለእኛ ያስፈልገናል።

ለምን አሁን? የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዶሮው፣ ከወተቱና ከማሩ ጋር የዓሣም ነገር በየቦታው ይነሳል። ኩሬ ይቆፈራል፣ ጫጩት ይባዛል፣ ወደ ግድብና ወደ ሐይቅ ይለቀቃል። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ወሬው ሁሉ «ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተለቀቀ» ላይ ያበቃል። ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ የሚናገር አይሰማም። የጫጩቱ ወላጆች ከየት እንደመጡማ የሚጠይቅም የለም። ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቶሎ ያድጋል ወይ?

ይህ ጥያቄ ለኩሬ ትክክል ነው። ለሐይቅ ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ስለራሱ ስለ ሎጎ። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ ከተማ አለች፣ ከጎኗ ሐይቁ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙው ሰው የሚያውቀው በእስጢፋኖስ ገዳምና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። ዛሬ መንገደኛው መኪናውን አቁሞ የሚበላው ቀረሶ ግን የሐይቁ የጥንት ነዋሪ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። «የሎጎ ዓሣ» የምንለው ራሱ በአንድ ወቅት እንግዳ ነበር ማለት ነው። መምጣቱም ያለ ለውጥ አላለፈም። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ውሃው አልጌ በዝቶበት፣ የድሮው ጥራቱ ቀንሶ አገኙት፤ ለውጡንም ከዚሁ ከተጨመረው ዓሣ ጋር አያያዙት።

ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። ቀረሶ ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው መራባት ሊጀምር የሚችል ዓሣ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ትውልድ ተተካክቷል። በየትውልዱ አምባዛ በልቷል፣ ወፍ ለቅሟል፣ የውሃ አየር ሲያጥር ሞቷል፣ መረብ ወስዷል። ዛሬ የሚዋኘው የተረፈው ዘር ነው። ማንም ሳያስተምረው ሐይቁ ራሱ መርጦታል። ይህን ዋጋ የምንሰጠው አይመስለኝም፤ የአርባ ዓመት ምርጫ በገንዘብ አይገዛም።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንግባ። ዓሣ አርቢዎች ፈጥነው የሚያድጉትን እየለዩ ሲያራቡ ውጤቱ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ይታያል። እኛው የምናውቀውን ቀረሶ እንውሰድ። በ1988 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረ ጊፍት የሚባል የዘር ማሻሻያ ሥራ አለ። ዱር ያደጉ ቀረሶዎች ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ተወስደው እዚያ ከነበሩት የእርባታ ዘሮች ጋር ተቀላቀሉ፣ ከዚያ ከየትውልዱ ፈጣኖቹ እየተመረጡ ተራቡ። በአምስት ትውልድ ብቻ ዕድገቱ ከ80 በመቶ በላይ ጨመረ። የኖርዌይ ሳልሞንም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረጥ ቆይቶ ዛሬ በእርባታ ገንዳ ውስጥ ከዱር ዘመዱ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል።

እንግዲህ አስቡት። ያ የማደግ አቅም ከሌላ ፍጥረት የመጣ አይደለም፤ ዱር ዓሣው ውስጥ የነበረ ነው። ፈጥኖ ማደግ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ፣ ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ ለምን ቀድማ አልመረጠችውም? ዱር ዓሣ ማደግ ከሚችለው በታች የሚያድገው ለምንድን ነው?

መልሱ፣ ዕድገት በነፃ አይገኝም ነው። የሆነ ነገር ይከፈልበታል።

የመጀመሪያው ክፍያ ድፍረት ነው። ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣ ብዙ ይርበዋል። የዕድገት ሆርሞኑ ራሱ ረሃብን ይጨምራል። የራበው ዓሣ ደግሞ ከተደበቀበት ይወጣል፣ ገላጣ ውሃ ላይ ይመገባል፣ አዳኝ ካባረረው በኋላም ቶሎ ይመለሳል። ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ይህን በትንንሽ ሐይቆች ላይ ሞክረውታል። በእኛ አገር በባሌ ወንዞች የሚታወቀውን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ነው የተጠቀሙት። ለዕድገት የተመረጠውን የእርባታ ዘርና የዱሩን ዘር አብረው ለቀቁ። የእርባታው ዘር በሁሉም ቦታ የበለጠ አደገ። ጠላቂ ወፎችና ትልልቅ ዓሦች ባሉበት ሐይቅ ግን ከዱሩ የበለጠ አለቀ። አዳኝ በሌለበት ውሃ ያ ጉዳት አልታየበትም። ያው ዓሣ፣ ያው ደም፣ ፍርዱ ግን እንደ ውሃው ተለያየ። ታሪኩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ክፍያ በሰውነት ላይ ነው። በአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ሲልቨርሳይድ የምትባል ጣት የምታህል ዓሣ አለች። በሰሜን ያሉት በጋው አጭር ስለሆነባቸው ተስገብግበው በልተው በፍጥነት ያድጋሉ፣ የደቡቦቹ ቀስ ይላሉ። ሁለቱን አንድ ገንዳ ውስጥ አሳድገው ሲያወዳድሯቸው ፈጣን አዳጊዎቹ ዋና ላይ ደካሞች ሆነው ተገኙ፣ አዳኝ ሲለቀቅባቸውም ቀድመው የሚበሉት እነሱ ናቸው። ሆዱ የሞላ ዓሣ መሮጥ ይከብደዋል። የደቡቧ ዓሣ ቀስ ማለቷ ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነበር።

ሦስተኛው ክፍያ ደግሞ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስቲክልባክ በሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ላይ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የውሃውን ሙቀት ለአጭር ጊዜ እየቀያየሩ የአንዳንዶቹን ዕድገት አዘገዩ፣ የሌሎቹን አፈጠኑ። ከዚያ ሁሉም ወደ መደበኛ ሁኔታ ተመለሱና እኩል መጠን ላይ ደረሱ። መጀመሪያ ዘግይተው በኋላ ለመድረስ የተጣደፉት ዕድሜያቸው 15 በመቶ ገደማ አጠረ። መጀመሪያ ፈጥነው በኋላ ቀስ ብለው ያደጉት ደግሞ 30 በመቶ ያህል ረዘመላቸው። ሰውነት ሲጣደፍ የሚሠራው ሥራ ጥራት ይጎድለዋል፤ ግንበኛ ሲቸኩል ግድግዳው እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ምግቡ ወደ ሥጋ ሲሄድ ለጥገና፣ በሽታን ለመከላከልና ለክፉ ቀን ለሚቀመጠው ስብ የሚቀረው ያንሳል።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳት። «ትንሽ መሆን ይሻላል» እያልኩ አይደለም። ትንሽ ዓሣ የሁሉም ምግብ ነው። ጫጩት ከአዳኙ አፍ በላይ ቶሎ መተለቅ ከቻለ ይተርፋል፤ ስለዚህ ዱር ውስጥም ማደግ ሕይወት ያድናል። ጥያቄው ለመተለቅ ሲል ስንት ጊዜ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል ነው። ዱር ዓሣ ይህን ሚዛን እንደየሐይቁ ያስተካክላል። የማባዣ ጣቢያ ዓሣ ሚዛኑን አያውቀውም፣ አዳኝ አይቶ አያውቅምና።

በእርግጥ ሁሉም የዘር ጉዳይ አይደለም። አስተዳደጉም አለበት። ኩሬ ውስጥ ያደገ ጫጩት ምግብ ከላይ ሲበተን ነው የለመደው። የሰው ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ወደ ጥላው ይመጣል። ሐይቅ ላይ ግን ከላይ የሚመጣ ጥላ ወፍ ነው። ዱር ያደገው በጥላ ይሸሻል፣ የኩሬው በጥላ ይሰበሰባል። ከዚህ የባሰም አለ፦ ባዶ ገንዳ ውስጥ ያደጉ ዓሦች አንጎላቸው ራሱ በሚገባ አያድግም። ትራውት ጫጩቶች ገንዳቸው ውስጥ ድንጋይ ሲጨመርላቸው ብቻ ሚዛንንና እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የአንጎላቸው ክፍል ከባዶው ገንዳ ልጆች በልጦ ተገኝቷል። ድንጋይ ብቻ! ወጪ የለውም፣ ወሎ ደግሞ ድንጋይ አይቸግረውም።

የዘሩ ነገር ግን በድንጋይ አይድንም። የእርባታ ዓሣ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ችግሩ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። አየርላንድ፣ በሪሹል በሚባል የወንዝ ሥርዓት ላይ የእርባታ ሳልሞን ልጆችን ከዱሩ ጋር እያስተያዩ ተከታትለዋቸው ነበር። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ያለው ጉዞ ሲደመር የእርባታዎቹ ስኬት ከዱሩ 2 በመቶ ብቻ ሆነ። ኖርዌይ፣ ኢምሳ ወንዝ ላይ በተደረገው ደግሞ 16 በመቶ። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ሁድ በሚባል ወንዝ የተጠናው ይበልጥ ያስደነግጣል፣ ምክንያቱም እዚያ ማንም ለዕድገት ብሎ አልመረጣቸውም። ዱር ዓሣ ለመርዳት ተብሎ ነው ማባዣ ጣቢያ የገቡት። እንደዚያም ሆኖ በጣቢያ ባሳለፉት በእያንዳንዱ ትውልድ ዱር ውስጥ ልጅ የማፍራት አቅማቸው 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ገንዳው ሳያስበው መርጧል። የሰው ጫጫታ የማያስደነግጠው፣ መጨናነቅ የማያውከው፣ የተበተነለትን ቀድሞ የሚለቅመው ተረፈ።

እነዚህ ቁጥሮች የሳልሞንና የትራውት ናቸው፣ ለቀረሶ ቃል በቃል አይወሰዱ። ቀረሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ እናት ያላት ዓሣ ናት፣ ኑሮዋ ሌላ ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ሐይቅ ውስጥ የተወለደ ጫጩት አደጋ ሲመጣ ወደ እናቱ አፍ ይገባል። ከማባዣ ጣቢያ በፕላስቲክ ከረጢት የመጣው የሚገባበት አፍ የለውም። እናቴ የገዛቻቸው ጫጩቶችም እናት አልነበራቸውም።

ለመሆኑ ፈጣኑ ዘር የትም አያስፈልግም? ያስፈልጋል እንጂ! ገበሬው ጓሮው ውስጥ ለቆፈረው ኩሬ ፈጥኖ የሚያድግ ዘር ነው የሚሻለው። እዚያ አምባዛ የለም፣ ምግቡ ይቀርባል፣ ወፉን በመረብ መከልከል ይቻላል። ወንድ ቀረሶ ከሴቷ ይበልጥ ስለሚያድግና ቁጥራቸው ሳይወሰን ተራብተው እንዳይቀጭጩ፣ ወንድ ብቻ ማርባትም የተለመደ ነው። የፈረንጅ ዶሮም እኮ በሽቦ ቤት ውስጥ፣ በክትባትና በመኖ፣ ለባለቤቱ ቤት ሠርቶለታል። ጥፋቱ የዶሮው አልነበረም፤ ክፍት ግቢ ቦታው አልነበረም። በጋ ላይ የሚደርቅ ትንሽ ግድብም እንደ ኩሬ ሊታይ ይችላል፣ ዓሣው ውሃው ሳያልቅ ለመብል ከደረሰ በቂ ነው።

በዋግ ኽምራ በኩል ያለው የተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን ከዚህ አይቆጠርም፣ ከወንዝ ጋር የተያያዘ ሰፊ ውሃ ነውና የገባበት አይወጣም። አርድቦ ሐይቅም እንደዚያው ነው። አርድቦ ከሎጎ በላይ ነው ያለው፣ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደ ሎጎ ይወርዳል። አርድቦ ላይ ዛሬ የተለቀቀ ዓሣ ነገ ሎጎ ላይ ቢገኝ ሊገርመን አይገባም። ስለ ሁለቱ ሲወሰን አብሮ መወሰን አለበት። ለየብቻ ማየት ዋጋ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ዓለም የሚያራባው ቀረሶ መነሻው አፍሪካ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከብዙ አገር በላይ የተለያየ ዘር አላት። የጣና ቀረሶ ለብቻው ነው፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሌላ ነው፣ በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሃ ውስጥ የሚኖርም አለ። ይህ ሀብት ዓለም ነገ የሚፈልገው ነው፣ በተለይ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ። አንድ ፈጣን ዘር ከውጭ አምጥቶ በየሐይቁ መልቀቅ ይህን ሁሉ አደባልቆ እንደ መበተን ነው። የተደባለቀ እህል ተለቅሞ ይለያል፤ የተደባለቀ ዘር ግን አይለይም።

እና ሎጎ ላይ ምን ይደረግ? የእኔ አስተያየት ይኸው። ጫጩት መጨመር ግድ ከሆነ ወላጆቹ ከሎጎ ከራሱ ይያዙ። በየዓመቱ አዲስ ወላጅ ከሐይቁ ይወሰድ እንጂ የጣቢያው ልጆች በጣቢያው ልጅ አይውለዱ። ጫጩቶቹ ጣቢያ ውስጥ ብዙ አይቆዩ፣ ገንዳቸው ባዶ አይሁን፤ ድንጋይ፣ ቅጠልና የሚደበቁበት ነገር ይግባበት። ሲለቀቁም ቀን፣ ባለሥልጣን በተሰበሰበበት ገላጣ ዳርቻ አይሁን፤ ወፍ ወደ ማደሪያው ከገባ በኋላ፣ ሲመሻሽ፣ ፊላና ሣር ባለበት ጥግ ይሁን። ይህ ለፎቶ አይመችም፣ አውቃለሁ። ለጫጩቱ ግን ይመቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመረቡ ነገር አለ። ስለ ጫጩት ስናወራ ስለ መረብ ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል። መረብም እኮ ይመርጣል። እነዚያው ሲልቨርሳይዶች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራ ነበር፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ከየትውልዱ 90 በመቶውን አወጡ። ከአንዱ ወገን ትልልቆቹን፣ ከሌላው ትንንሾቹን። በአራት ትውልድ ውስጥ ትልልቆቹ እየተወሰዱበት የቆየው ወገን ዕድገቱ ቀንሶ ዓሣው አነሰ፣ ከእሱ የሚገኘውም ሥጋ ከሌላው ግማሽ ገደማ ሆነ። እኛም ሎጎ ላይ ትልልቁን ለቅመን፣ ከዚያ ቀዳዳውን አጥብበን ትንሹን ተከትለን፣ «ዓሣው ለምን አነሰ?» ብለን እንጠይቃለን። በአፏ ጫጩት የያዘች እናት መረብ ላይ ስትወጣ የምትሞተው እሷ ብቻ አይደለችም። እሷን አውጥተን በምትኳ የጣቢያ ጫጩት መጨመር፣ የሐበሻዋን ዶሮ አርዶ የፈረንጅ ጫጩት ግቢ መልቀቅ ነው።

ሽማግሌውን በጥር ተመልሼ አገኘኋቸው። «አባባ፣ ከመለቀቃቸው በፊት የጫጩቶቹን አንድ ክንፍ ጫፉን ቆረጥ አድርገው ምልክት ቢያደርጉባቸው፣ እርስዎ መረብ ላይ ሲያገኙ ይቆጥሩልናል?» አልኳቸው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ዓሣው የሚወጣባቸው ዳርቻዎች ጥቂት ናቸው፣ አጥማጆቹም ይተዋወቃሉ። ከሺህ ስንቱ እንደተረፈ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ አንድ ደብተርና የእነሱ ፈቃድ ይበቃል። «እኔ እንኳ መጻፍ አልችልም» አሉኝ፣ «የልጅ ልጄ ግን ሰባተኛ ክፍል ናት፣ እሷ ትጽፋለች።»